ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እና ምርታማነት በኢትዮጵያ

ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አሠሪ ለሠራተኛው ከዚያ በታች እንዳይከፍል በሕግ የሚወሰን የክፍያ መጠን ነው። ሠራተኛው ተስማምቶ ቢፈርም እንኳ ከወለሉ በታች የሆነ ክፍያ ሕጋዊ አይሆንም። ምርታማነት ደግሞ በአንድ የሥራ ሰዓት፣ በአንድ ሠራተኛ ወይም በአንድ ማሽን የሚገኘው የምርት መጠን ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ጥያቄ ይገናኛሉ፦ ደመወዝ ከፍ የሚለው ምርታማነት ካደገ በኋላ ብቻ ነው ወይስ የደመወዙ ከፍ ማለት ራሱ ምርታማነትን ሊያሳድግ ይችላል?

ጥያቄው በኢትዮጵያ የመማሪያ ክፍል ክርክር ብቻ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ወለል የሚያጠናና በየጊዜው የሚከልስ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም ቦርዱን የሚያቋቁመው ደንብ ለዓመታት ሳይወጣ ቆይቷል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የኑሮ ውድነቱ ጨምሯል፣ የብር የምንዛሬ ዋጋ ወርዷል፣ ትልልቅ የልብስ ፋብሪካዎችም ተከፍተው የተወሰኑት ወጥተዋል። ከፋብሪካዎቹ ውጭ ደግሞ እንደ ጉለሌ ክፍለ ከተማ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች በወር ሳይሆን በሠሩት ልክ የሚከፈላቸው ብዙ ሰዎች አሉ፤ ወለሉ እነርሱን እንዴት ሊነካቸው እንደሚችል ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም።

የምርታማነት ትርጉም

ምርታማነት ሲባል ትጋት ማለት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሆኖም በቀን 12 ሰዓት የሚደክም ሰው በቀን 8 ሰዓት ከሚሠራ ሰው ያነሰ ምርታማ ሊሆን ይችላል። በእግር መርገጫ ማሽን የሚሰፋ ልብስ ሰፊ በኤሌክትሪክ ማሽን ከሚሰፋ ባልንጀራው ያነሰ ልብስ ቢያወጣ ልዩነቱ የስንፍና አይደለም። መብራት ሲቋረጥ ደግሞ የኤሌክትሪኩ ባለቤት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ የእርሱ ምርታማነት በዚያ ቀን ዜሮ ነው። መሣሪያ፣ ሥልጠና፣ የጥሬ ዕቃ በወቅቱ መድረስ፣ የአመራር ብቃት፣ የሠራተኛው ጤናና ልምድ ሁሉ በአንድ ቁጥር ውስጥ ተጠቃለው ይገኛሉ። «ሠራተኛው ምርታማ ስላልሆነ ደመወዙ ዝቅ አለ» የሚለው አባባል ከእነዚህ ነገሮች አብዛኞቹ በሠራተኛው እጅ እንዳልሆኑ ይዘነጋል።

በተለመደው የምጣኔ ሀብት ትንታኔ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚከፈለው ለድርጅቱ በሚጨምረው ገቢ ልክ ነው። ይህ ትክክል ከሆነ ከዚያ በላይ የሆነ ወለል ሠራተኛውን ከሥራ ያስወጣዋል እንጂ አይጠቅመውም። ስሌቱ ግን አሠሪዎች ለሠራተኛ እርስ በርስ በደንብ የሚወዳደሩበትን ገበያ ታሳቢ ያደርጋል። በአንድ ከተማ ጥቂት አሠሪዎችና እጅግ ብዙ ሥራ ፈላጊዎች ሲኖሩ አሠሪው ሠራተኛው ከሚያስገኝለት ያነሰ መክፈል ይችላል። በዚህ ሁኔታ በመጠኑ የተቀመጠ ወለል ክፍያን ከፍ ሲያደርግ የግድ ሥራ አይቀንስም።

ደመወዝ ምርታማነትን የሚነካባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ በጣም ቀላል ነው፤ ምግብ። ሃርቪ ሌበንስታይን የተባለው የምጣኔ ሀብት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ሥራው በድሃ አገሮች ደመወዝ፣ አመጋገብና የሥራ ጉልበት እንደሚያያዙ አስረድቷል። ቁርስ ሳይበላ ከቤቱ ወጥቶ ሁለት ሰዓት በእግሩ የሄደ ሰው ማሽን ፊት ሲቀመጥ የሚያወጣው ምርት ጠግቦ ከመጣው ጋር እኩል አይሆንም። ሁለተኛው በሠራተኛውና በአሠሪው መካከል ያለ መተሳሰብ ነው፤ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1982 እንደጻፈው ከገበያው ከፍ ያለ ክፍያ እንደ ስጦታ ይቆጠርና በተሻለ ሥራ ይመለሳል። ሦስተኛው አሠሪውን ራሱን ይመለከታል። ጉልበት በጣም ርካሽ ሲሆን የተሻለ መሣሪያ ለመግዛት ወይም የሥራውን አሰላለፍ ለማሻሻል ግፊት የለም፤ ችግሩ ሁሉ ሌላ ሰው በመቅጠር ይሸፈናል።

አራተኛውና ለኢትዮጵያ ፋብሪካዎች ምናልባት ዋነኛው የሠራተኛ ፍልሰት ነው። በታሪክ የሚጠቀሰው ምሳሌ የአሜሪካው ፎርድ መኪና ፋብሪካ ነው። በ1913 እ.ኤ.አ. የፋብሪካው የሠራተኛ ፍልሰት 370 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ይህም አንድን የሥራ ቦታ ዓመቱን ሙሉ ለመያዝ ከሦስት ሰው በላይ መቅጠር ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። በጥር 1914 እ.ኤ.አ. ኩባንያው የቀን ክፍያውን ከ2.34 ዶላር ወደ 5 ዶላር ከፍ አደረገ፤ የሥራ ሰዓቱንም ከ9 ወደ 8 አወረደ። ፍልሰቱ በፍጥነት ወረደ። ይህ የሕግ ወለል ሳይሆን የአንድ ባለሀብት ውሳኔ ነበር፤ አምስቱንም ዶላር ለማግኘት ሠራተኛው በኩባንያው መርማሪዎች ዓይን የግል ኑሮው የተመሰገነ መሆን ነበረበት። የፍልሰት ወጪ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ግን በግልጽ አሳይቷል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ አዲስ የስፌት ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የልምድ ያለውን ሰው ግማሽ ያህል ብቻ ያመርታል እንበል። በየ12 ወሩ ሠራተኛ የሚቀያየርበት ማሽን በ3 ዓመት ውስጥ የሚሰጠው ምርት የ31.5 ወር ሙሉ ምርት ያህል ነው። ያው አንድ ሰው 3 ዓመት ቢቆይበት ግን የ34.5 ወር ምርት ይሰጣል። ልዩነቱ ወደ 9.5 በመቶ ይደርሳል። ይህን ለማግኘት ተጨማሪ ማሽን፣ ተጨማሪ የሕንፃ ኪራይ ወይም ተጨማሪ መብራት አላስፈለገም፤ ያስፈለገው ሰውየው እንዳይሄድ የሚያደርግ ምክንያት ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ሕግ

በ1985 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 42 እና እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የሥራ ሰዓትን፣ ዕረፍትን፣ የሥራ ውል ማቋረጫን እና የጉዳት ካሣን በዝርዝር ቢደነግጉም የደመወዝ ወለል አልወሰኑም። ደመወዝ ለውልና ለኅብረት ስምምነት የተተወ ጉዳይ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ለመጀመሪያ ጊዜ በር ከፈተ፦ የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ተወካዮች ከሌሎች ባለድርሻዎች ጋር የሚገኙበት የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚቋቋም፣ ቦርዱም የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገት፣ የሥራ ገበያውንና ሌሎች ሁኔታዎችን ባገናዘበ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ወለሉን እንደሚከልስ ደነገገ። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ኢሠማኮ፣ የቦርዱን መቋቋም ከዋና ዋና ጥያቄዎቹ አንዱ አድርጎ በየዓመቱ በሜይ ዴይ ሲያነሣው ቆይቷል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነገሩ ይለያል። የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ስኬል ስላላቸው የስኬሉ ዝቅተኛው እርከን እንደ ወለል ያገለግላል። ይህ መጠን ለዓመታት በጣም ዝቅተኛ ነበር። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በተካሄደው ማስተካከያ በ2017 ዓ.ም. ወደ 4,760 ብር፣ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። የግል ድርጅቶች በዚህ ስኬል አይገደዱም። ቢሆንም ተራው ሰው ደመወዝ ሲያወዳድር ዓይኑን የሚጥለው በዚህ ቁጥር ላይ ነው፤ በግል ጥበቃ ወይም በጽዳት ሥራ የተሰማራ ሰው «መንግሥት እንኳ ይህን ያህል ይከፍላል» ብሎ ሲከራከር መለኪያው ይኸው ነው።

ወለል ሲነሣ ግብርም አብሮ ይነሣል። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ከግብር ነፃ የነበረው የወር ገቢ 600 ብር ሲሆን በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ወለሉ ከዚህ በላይ ከተቀመጠ ከጭማሪው የተወሰነው ወደ ሠራተኛው ኪስ ሳይሆን ወደ ገቢዎች ይሄዳል።

የሐዋሳ ልምድ

እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የርካሽ ጉልበት ስሌት በትልቅ መጠን የተፈተነበት ቦታ ነው። ከአሜሪካ፣ ከእስያና ከአውሮፓ የመጡ የልብስ አምራቾች ከሳቧቸው ነገሮች መካከል የአጎዋ ከቀረጥ ነፃ ዕድልና የሠራተኛ ደመወዝ ዝቅተኛነት ይገኙበታል። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ የንግድና የሰብዓዊ መብት ማዕከል በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ የፓርኩ የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ገለጸ። ይህም በዘገባው ከተወዳደሩት የልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር፤ ባንግላዴሽ 95 ዶላር፣ ኬንያ 207 ዶላር ነበሩ።

በዚያው ዘገባ ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ያህል እየተኩ እንደነበር ተጠቅሷል። አብዛኞቹ ሠራተኞች ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከምግብ የሚያልፍ አልነበረም፤ ለቤተሰብ የሚላክ ነገር ሳይተርፍ ሲቀር ወደ መጡበት መመለስ ወይም ሌላ ሥራ መፈለግ የተሻለ ነበር። ስለዚህ ባለሀብቱ ርካሽ ብሎ የገዛው ጉልበት ሳይለምድ ይሄድበት ነበር። አንድ ሸሚዝ የሚያስከፍለው የጉልበት ወጪ የሚሰላው በወር ደመወዝ ሳይሆን ደመወዙ በምርቱ ተካፍሎ ነውና፣ በእጥፍ የሚከፈላት ሠራተኛ በሦስት እጥፍ ብታመርት ርካሿ እርሷ ናት።

ተመሳሳይ ነገር በሌላ ጥናት ታይቷል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች፣ ከነዚህም መካከል በመጠጥ፣ በአበባ፣ በጫማና በልብስ አምራቾች፣ ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፋፍለው ተከታተሉ። ሥራውን ካገኙት አንድ ሦስተኛ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፤ በዓመቱ 77 በመቶው አልነበሩም። በፋብሪካ የተቀጠሩት በሌላ ሥራ ከሚተዳደሩት የተሻለ ገቢ አላገኙም፤ የጤና ችግር ግን ጨምሮባቸዋል። ወደ 300 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብና ሥልጠና የተሰጣቸው ሌሎች አመልካቾች በአንጻሩ በዓመቱ ገቢያቸው በአንድ ሦስተኛ ያህል አደገ፤ ይህ ብልጫ ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ጠፍቷል።

ደመወዝ ብቸኛው ችግር እንዳልነበረ ደግሞ መናገር ያስፈልጋል። የመብራት መቆራረጥ፣ የጅቡቲ መንገድ ርዝመት፣ ከውጭ የሚገባ ጨርቅና የውጭ ምንዛሬ እጥረት የፋብሪካዎቹን ምርታማነት ከማንም ሠራተኛ በላይ ይወስኑ ነበር። ፓርኩን በመክፈት ረገድ ትልቅ ድርሻ የነበረው የአሜሪካው ፒ ቪ ኤች ኩባንያ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፋብሪካውን ለመዝጋት መወሰኑን ሲያስታውቅ ምክንያቱ ደመወዝ ሳይሆን ጦርነቱና የአጎዋ ጉዳይ ነበር። ኢትዮጵያ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአጎዋ ተሰርዛለች። በዓለም ዝቅተኛ የተባለው ደመወዝ ኩባንያዎቹን ይዞ ማቆየት አልቻለም።

ሽሮ ሜዳ፦ ክፍያ በቁራጭ

ጉለሌ ክፍለ ከተማ በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ጫፍ ከእንጦጦ ግርጌ ይገኛል። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ሽሮ ሜዳ በሸማ ገበያው በመላ አገሪቱ ይታወቃል። ከገበያው ጀርባ ባሉት መንደሮችና ለሸማኔዎች በተሰጡ የመሥሪያ ቦታዎች የሚሠሩት በብዛት ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። በዚያው ክፍለ ከተማ በቀጨኔ የሚገኙ ሸክላ ሠሪ ሴቶችም እንዲሁ በሠሩት ቁራጭ የሚኖሩ ናቸው። ለሁለቱም የወር ደመወዝ የሚባል ነገር የለም።

የሸማ ሥራ አከፋፈል በዋናነት ሦስት መልክ አለው። አንደኛው ሸማኔው ክሩን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ የሠራውን ነጠላ ወይም ጋቢ ለነጋዴ የሚሸጥበት ነው። ሁለተኛው ነጋዴው ክሩንና የጥለቱን ዓይነት ሰጥቶ ለሸማኔው የእጅ ዋጋ ብቻ የሚከፍልበት ነው። በሦስተኛው ሸማኔው በሌላ ባለሙያ ቤት ተቀምጦ፣ ምግብና ማደሪያ እየተሰጠው፣ ጥቂት ብር እየተከፈለው ይሠራል። ልጆች ሙያ ይማራሉ ተብለው ከጋሞ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡት በዚህ በሦስተኛው መንገድ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 ዓመት ቢያደርገውም።

በቁራጭ የሚከፈል ሰው ምርታማነቱና ገቢው በቀጥታ የተያያዙ ስለሚመስሉ ወለል አያስፈልገውም ይባላል። ብዙ ከሠራ ብዙ ያገኛል። ነገር ግን የአንዱን ነጠላ ዋጋ የሚወስነው ሸማኔው አይደለም። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ሲቃረቡ ገበያው ይሞቃል፤ በዓሉ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል። በቀዝቃዛው ወቅት የቤት ኪራይ የደረሰበት ሸማኔ ነጋዴው በጠራው ዋጋ ይሸጣል። ዋጋው ሲወርድ ገቢው እንዳይጎድል ደግሞ ሰዓት ይጨምራል፣ ብዙ ያመርታል፣ ገበያው ላይ የሚቀርበው ነጠላ ይበዛና ዋጋው ይብስ ይወርዳል። በጥድፊያ የተሠራ ሸማ ድሩ ይላላል፣ ጥለቱም ይዛነፋል። እዚህ ላይ የክፍያ ማነስ የሚጎዳው ብዛትን ሳይሆን ጥራትን ነው።

ሌላው ነገር ከሸማው ዋጋ ውስጥ የማይታየው ጉልበት ነው። ጥጡን የምትፈትለው፣ ማጉን የምታደውረው፣ የተጠናቀቀውን ነጠላ ጫፉን የምትቋጨው ሚስት፣ እናት ወይም ልጅ ናት። ነጋዴው የሚከፍለው ለአንድ ሰው ሲሆን ሥራው ግን የሁለትና የሦስት ሰው ነው። የሸማኔውን ምርታማነት በእርሱ ሰዓት ብቻ የሚለካ ሰው ቁጥሩ የተጋነነ መሆኑን ልብ አይልም።

መሣሪያው ደግሞ በአብዛኛው ያው የጥንቱ ነው። ሸማኔው ጉድጓድ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ መወርወሪያውን በእጁ ከግራ ወደ ቀኝ ያሳልፋል። በእንግሊዝ ጆን ኬይ በ1733 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው በገመድ ተስቦ የሚወረወር መወርወሪያ የአንድን ሸማኔ ፍጥነት እጅግ የጨመረ ሲሆን፣ ይህንኑ የሚጠቀሙ የተሻሻሉ የእጅ ሸማ መሥሪያዎች በኢትዮጵያም ይሠራሉ። ጠባብ ቤት የተከራየ ሰው የሚያቆምበት ቦታ የለውም። ነጋዴውም አይገዛውም፤ የሸማኔው ሰዓት ለእርሱ ዋጋ አያስወጣውምና ሰዓት የሚቆጥብ መሣሪያ የሚያስገኝለት ጥቅም ጥቂት ነው።

ለቁራጭ ሥራ ወለል ማውጣት ከባድ ቢሆንም የማይቻል አይደለም። ብሪታንያ የምትጠቀምበት ዘዴ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ ሠራተኞቹ ሥራውን ሲሠሩ ተለክቶ በሰዓት የሚወጣው አማካይ ምርት ይታወቃል። ያ አማካይ ለ1.2 ይካፈላል፤ ይህ አዲስና ቀርፋፋ ሠራተኞች እንዳይጎዱ የሚሰጥ ዕድል ነው። የሰዓቱ ወለል ለውጤቱ ሲካፈል የአንዱ ቁራጭ ዝቅተኛ ዋጋ ይገኛል።

ስሌቱን ወደ ሸማ እናምጣው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ብቻ የተወሰዱ ናቸው። የወር ወለሉ እንደ መንግሥት ስኬል 6,000 ብር ይሁን። በሕጉ የሳምንት የሥራ ሰዓት ጣሪያ 48 በመሆኑ ወሩ በአማካይ 208 ሰዓት ይሆናል፤ የሰዓቱ ወለል ወደ 28.85 ብር ይመጣል። አንድ ተራ ነጠላ ድሩን ከመዘርጋት ጀምሮ እስኪቋጭ በአማካይ 12 ሰዓት ቢፈጅ የጉልበቱ ዋጋ 346 ብር ነው፤ በ1.2 ሲባዛ 415 ብር ገደማ ይሆናል። ይህ የክሩን ዋጋ አይጨምርም። የሚስትየው የማድወርና የመቋጨት ሰዓት ከ12ቱ ውስጥ መቆጠሩ ወይም አለመቆጠሩ ውጤቱን በብዙ ይለውጠዋል፤ እንዲህ ያለ ወለል ሲወጣ የመጀመሪያው ሙግት በዚህ ላይ እንደሚሆን ለመገመት አያስቸግርም።

በውጭ አገር የተገኙ ማስረጃዎች

የመጀመሪያው የደመወዝ ወለል ሕግ በኒው ዚላንድ በ1894 እ.ኤ.አ. ወጣ። ብሪታንያ በ1909 ያቋቋመቻቸው የሙያ ቦርዶች መጀመሪያ የተመለከቱት በቤታቸው ሆነው በቁራጭ የሚከፈላቸውን እንደ ሰንሰለት ቀጥቃጭ ሴቶች ያሉትን መሆኑ ከሽሮ ሜዳ አንጻር የሚያስገርም ነው፤ ወለል ከጅምሩ የፋብሪካ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

በቅርብ ዘመን ክርክሩን የቀየረው የዴቪድ ካርድና የአለን ክሩገር የ1994 እ.ኤ.አ. ጥናት ነው። የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ወለሏን ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ስታሳድግ ከጎረቤቷ ፔንሲልቬንያ ጋር በተደረገው ንጽጽር በፈጣን ምግብ ቤቶች የሥራ ቦታ መቀነስ አልታየም። ሌሎች ምሁራን ውጤቱን ተከራክረውበታል። በጀርመን ወለሉ በ2015 እ.ኤ.አ. በሰዓት 8.50 ዩሮ ሆኖ ሲጀመር ዝቅተኛ ተከፋዮች ከትንንሽና ደካማ ድርጅቶች ወደ ተሻሉት እንደተዛወሩ ታይቷል። የአገሩ አማካይ ምርታማነት የሚያድገው እንግዲህ አንድ ድርጅት ስለተሻሻለ ብቻ ሳይሆን ሰዎች ወደተሻለው ስለሄዱም ነው።

ቻይና ከ2004 እ.ኤ.አ. በኋላ ወለሏን ስታጠናክር ሁለቱም ገጽታዎች በአንድ ላይ ታዩ። ለጭማሪው በይበልጥ የተጋለጡት ፋብሪካዎች የመዘጋት ዕድላቸው ከፍ አለ፤ ከተረፉት ውስጥ ግን ምርታማነት ጨመረ። የትኛው ውጤት ይበልጣል የሚለው የተዘጋው ፋብሪካ ሠራተኛ ሌላ ሥራ በማግኘቱ ይወሰናል። በወቅቱ በፍጥነት ታድግ በነበረችው ቻይና ይህ አስቸጋሪ አልነበረም፤ ሥራ አጥ በበዛበት ከተማ ግን ያው ሕግ ሌላ ውጤት ሊያመጣ ይችላል።

ለቁራጭ ሥራ በጣም የሚቀርበው ጥናት የፍሎሪዳ ቲማቲም ለቃሚዎች ነው። በለቀሙት ልክ የሚከፈላቸው ሠራተኞች ገቢያቸው ከወለሉ ካነሰ አሠሪው ልዩነቱን ይሞላል። በ2009 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወለሉ ከ6.79 ወደ 7.21 ዶላር ሲያድግ ብዙ ሰው ቀርፋፋዎቹ ይበልጥ ይዘናጋሉ ብሎ ሊጠብቅ ይችል ነበር፤ ሠሩም አልሠሩ ወለሉን ያገኛሉና። የተገኘው ተቃራኒው ነው። ከፈጣኖቹ ጋር ሲነጻጸር የቀርፋፋዎቹ ምርት ጨመረ። አንዱ አሳማኝ ማብራሪያ ከወለሉ በታች የሚለቅም ሰው ለአሠሪው ኪሣራ ስለሚሆን ሥራውን እንዳያጣ መፍራቱ ነው። ምርታማነቱ ከፍ አለ፤ የመጣው ግን ከምስጋና ሳይሆን ከሥጋት ነው።

የወለሉ ከፍታና ማስፈጸሚያው

ወለሉ በጣም ዝቅ ካለ ማንንም አይነካም፣ በጣም ከፍ ካለ ሕጉን ማንም አያከብረውም። ስለዚህ ምሁራን ወለሉን ከመካከለኛው ደመወዝ ጋር ያወዳድራሉ። በኢትዮጵያ ችግሩ መካከለኛው ደመወዝ በራሱ ከቦታ ቦታ በእጅጉ መለያየቱ ነው፤ ለአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የማይበቃ ገንዘብ በትንሽ ከተማ ላለ ዳቦ ቤት ከባድ ሊሆን ይችላል። ሌሎች አገሮች ይህን በክልል ወይም በዘርፍ በመለየት ይፈቱታል። ባንግላዴሽ ለልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች የብቻቸው ወለል አላት፤ ከራና ፕላዛ ሕንፃ መደርመስ በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. 5,300 ታካ የነበረው ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ 12,500 ታካ ሆኗል።

የማይከለስ ወለል ደግሞ ይሞታል። ዩጋንዳ በ1984 እ.ኤ.አ. በወር 6,000 ሽልንግ የወሰነችው ወለል ሳይቀየር ኖሮ ዛሬ የጥቂት ቀን ምግብ አይገዛም፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ፓርላማው ያጸደቀውን አዲስ ረቂቅ ፕሬዚዳንት ዮዌሪ ሙሴቬኒ ሳይፈርሙበት ቀርተዋል።

ከሽሮ ሜዳ አንጻር ከቁጥሩ በፊት የሚነሣው ጥያቄ ሸማኔው በሕግ ፊት ሠራተኛ ነው ወይ የሚለው ነው። አዋጁ ሥራውን በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት የሚሠራን ሰው አይመለከትም፤ የራሱን ክር ገዝቶ የሚሠራው ሸማኔ በዚህ ምክንያት ከወለሉ ውጭ ይሆናል። ነገር ግን ያው አዋጅ በቤቱ ወይም በመረጠው ቦታ ሆኖ፣ ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር፣ በክፍያ ዘወትር የሚሠራን ሰው ውል ያውቃል። አሠሪው ጥሬ ዕቃውን ለሠራተኛው «ሸጦ» የተሠራውን መልሶ የሚገዛበትን ስምምነትም እንደዚሁ ውል ይቆጥረዋል። ክር በዱቤ ሰጥቶ ነጠላውን ለሚረከብ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ መግለጫ ማግኘት ያስቸግራል። አሠሪው መዝገብ እንዲይዝም ሕጉ ያዝዛል፦ የሠራተኛውን ስም፣ ዕድሜና አድራሻ፣ የሰጠውን ጥሬ ዕቃ ዋጋና መጠን፣ ያዘዘውን ሥራ ዓይነትና ብዛት፣ የከፈለውን ገንዘብ። ለቁራጭ ሥራ ወለል ለማስላት የሚያስፈልገው መረጃ አብዛኛው እዚህ ዝርዝር ውስጥ አለ፤ የሚጎድለው ሥራው የፈጀው ሰዓት ነው።